ሰማያዊ የሌለበት ገንዳ

በባሕሩ ዳርቻ ያለው የኩምባራ መዋኛ ገንዳ ሦስት ጎኑ ግንብ፣ አራተኛው ራሱ የዳርቻው ዓለት ነው። ባሕሩ ሲሞላ በምሥራቁ ግንብ ላይ ተሻግሮ ይገባል፤ ሲጎድል ውሃው ይረጋል። ወለሉን የባሕር ሣር ስለሸፈነው ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ የዋኘነው በዚሁ ነው።

በዚያ ሐምሌ የከተማው ምክር ቤት የምሥራቁን ግንብ ከፍ አድርጎ ባሕሩን ሊዘጋው፣ ወለሉን ሰማያዊ ሴራሚክ ሊያለብሰው፣ ውሃው ላይም ክሎሪን ሊጨምር አቀደ። የዕቅዱ ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበር። እኛ የክረምት ዋናተኞች ደግሞ ምክር ቤቱ ድምፅ በሚሰጥበት ስብሰባ ከጎኑ የሚሰቀል የገንዳውን ሥዕል እንድትሠራልን ኔሪዳን ለመንናት። ከእኛው ጋር የምትዋኝ፣ ፓስቴል በሚባለው ጠመኔ መሰል ቀለም የምትሥል ሠዓሊ ናት።

ዓለቱ ላይ ተቀምጣ ስትሥል የማኅበራችን ሊቀመንበር ኮሊን ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ።

«ሰማያዊው አለቀብሽ እንዴ?»

«ሳጥኑ ውስጥ አለ።»

«ታዲያ ትንሽ ጣል ብታደርጊበት ምናለ? የምክር ቤቱ ሰዎች ውሃው ቆሻሻ ነው እያሉን አንቺ ጭራሽ የአተር ሾርባ አስመሰልሽው።»

«ሰማያዊ ካደረግሁትማ የእነሱን ዕቅድ ሣልኩላቸው ማለት ነው። ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።»

ፓስቴል እንዳይራገፍ የሚነፋበትን ፈሳሽም አልነፋችበትም፤ አረንጓዴውን ያጨልምባታል።

በስብሰባው ላይ ዕቅዱን ያቀረቡት የምክር ቤት አባል ሚስተር ፕሬንቲስ ወደ ሥዕሏ ጠጋ ብለው የተሣለውን ውሃ በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው አረንጓዴ ሆነ። ለአዳራሹ ከፍ አድርገው አሳዩት።

«ወይዘሮ ኔሪዳ ሐቀኛ ናቸው፤ ቆሻሻውን አልደበቁልንም።»

ሰው ሳቀ። ኮሊን ጫማውን ማየት ጀመረ። ኔሪዳ ግን ከቦርሳዋ ክዳን ያለው የማርማላታ ብርጭቆ አወጣች። ከሰዓት በኋላ ከገንዳው የቀዳችው ውሃ ነበረበት። ሄዳ የሚስተር ፕሬንቲስ ወረቀት ፊት ያዘችው።

«በዚህ ውስጥ ዕቅድዎን ያንብቡልን።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ገጽ አንድ…»

«ይነበባል?»

«ይነበባል።»

«አረንጓዴው ወለሉ ላይ ያለው ሣር ነው። የሚታየውም ውሃው ጥርት ስላለ ነው። ባሕሩን ከዘጉት ግን አይጠራም።»

«ክረምት ስለሆነ ነው እንዲህ የጠራው።»

«በጋም ይምጡና ይቅዱ። እኔ እዚያው ነኝ፤ ግንቡም እስከዚያ እንዳለ ይቆይ።»

 ከምክር ቤቱ አባላት አንዷ ብርጭቆውን ተቀብላ በመብራት አየችው፤ ከዚያ ለጎረቤቷ አቀበለችው።

ባሕሩ እንደ ድሮው እንዲገባ፣ በምሥራቁ ግንብ ከፍታ ላይ ምንም እንዳይጨመር ስድስት ለአምስት በሆነ ድምፅ ተወሰነ።