ዋይ የሚሉት ቁልፍ

እና ለምን ዋይን ተጫነች? ኤንም እኮ ነበረ፣ አጠገቡ፣ እኩል ተጽፎ። ሐሚዳ ይህን ስድስት ሳምንት ሙሉ ስትጠይቅ ከርማለች፣ ደረጃውን ስትወለውልም፣ ልጇን ስታጠባም፣ ፈርቼ ነው ትላለች፣ አይ አፍሬ ነው፣ አይ ያወቅሁ መስዬ ለመታየት ነው።

አሁን ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ ፎቶኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ልጇ ሳና ጀርባዋ ላይ ተኝታለች፣ ትንፋሿ አንገቷን ያሞቃታል። በእጇ አንድ ወረቀት ይዛለች። አቶ ገብረየስ፣ የምትጠርግበት የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ባለቤት፣ ሁለት ኮፒ አስነሺና ቶሎ ነይ ብለው የሰጧት፣ እዚያው አስተማሪ የነበረችው የፈለቀች የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ፈለቀች ከሰዓት መጥታ ትወስደዋለች፣ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ድርጅት አስተማሪ ፈልጎ ደብዳቤሽን አምጪ ብሏታል።

ባታነበው ኖሮ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሰው ደብዳቤ ማንበብ ማን አስለመዳት፣ ራሷ ፈለቀች ናት፣ በየምሳ ሰዓቱ፣ አትሩጪ ሐሚዬ፣ አንድ በአንድ ጥሪው እያለች። በዚያው ልማድ ጣቷን እያስኬደች ትጠራዋለች፣ በ፣ ቸ፣ ል፣ ተ፣ ኝ፣ ነ፣ ት። በቸልተኝነት። በቸልተኝነት የደንበኛ ንብረት በማጥፋቷ ከሥራ የተሰናበተች። ደግማ ትጠራዋለች፣ ያው ነው።

ቸልተኛ፣ ፈለቀች? ጀማሪዎቹን እንደ ሕፃን እጃቸውን ይዛ የምታስተምር ሴት፣ ማሽኑን ሲፈሩት፣ ስሙ ሊኑክስ ነው እንጂ ሊናከስ አይደለም፣ ንኩት፣ እያለች የምታስቃቸው። ሐሚዳን ለጽዳት ሲቀጥሯት ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም ሲሏት እኔ እያየሁላት ትሥራ ብላ የተከራከረችላት። እሷ ናት ቸልተኛ።

ፍሎፒ የማጉረሱን ሥራም የሰጠቻት እሷ ናት። ሊኑክስ፣ ማሽኑን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ የሚጫነው በሃያ አራት ፍሎፒ ነበር፣ ሲዲ የሚያነብ ማሽን ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ቁጥር ታውቂ የለ አለቻት፣ ሲጠይቅሽ ቀጣዩን አጉርሺውና ኢንተር በይ፣ ዋይና ኤን፣ አዎና አይ ማለት ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲመጡ ግን እንዳትነኪ፣ እጅሽን አንሺና ጥሪኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ትእዛዙ። ሞኝም አይስተውም።

በመጀመሪያው ቀን ጠርታ ነበር እኮ። እትዬ ፈለቀች፣ ዋይ ይላል፣ ብላ ጮክ ስትል ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ወደቀ፣ አንዱ ሠልጣኝ፣ ክራባታሙ፣ ማን ሞተ፣ ድንኳን እንትከል እንዴ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ስሟ ወይዘሮ ዋይ ሆነ። እሷ ደግሞ ኮምቦልቻ ያደገች፣ እናቷ ቤት ዋይ ያለ ልጅ አፉን የሚመታበት፣ በጤና ቀን ለቅሶ አትጥሩ የሚባልበት። ያውም ልጅ በጀርባ አዝላ። ያኔ አፏ ተዘጋ።

ከዚያ የጋሽ አረጋዊ ማሽን መጣ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ሰባት ዓመት የሕፃናት እንቆቅልሽ ከየሰፈሩ ሲለቅሙ የኖሩ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው፣ ኮፒ የላቸውም። ፈለቀች ማሽኑ ውስጥ ግድግዳ ሠራችለት፣ እንዲያ ነው ያስረዳቻት፣ አንዱ ክፍል የድሮው፣ አንዱ የሊኑክሱ፣ እንዳይነካኩ። ሄደች ወደ ጀማሪዎቿ። ሐሚዳ ታጎርሳለች፣ አንድ፣ ኢንተር፣ ሁለት፣ ኢንተር፣ ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ቆመና ጠየቀ። ዋይና ኤን። ክራባታሙ ከፊቷ ተቀምጧል። ጥሪ፣ ጥሪ ይላታል ልቧ፣ እጇ ወደ ላይ ሊነሳ ነበር፣ ወላሂ ሊነሳ ነበር፣ ወደ ቁልፉ ወረደ።

ዋይ።

ማሽኑ ትንሽ አንጎራጎረ፣ ከዚያ አራተኛውን ፍሎፒ ጠየቀ። ምንም አልሆነም። ደስ አላት። ይኼ ነው ከሁሉ የሚቆጠቁጣት፣ ደስ ብሏት ነበር፣ ያለ ማንም የሠራሁት ብላ።

በማግስቱ ጋሽ አረጋዊ መጡ፣ የድሮው ክፍል ባዶ ነው፣ በእሷ ዋይ እንቆቅልሾቹ ሁሉ ተጠርገዋል። ፈለቀች ፊቷ አመድ መስሎ ወደ እሷ ዞረች፣ ሐሚዬ፣ ምንም አልጠየቀሽም? አልጠየቀኝም እትዬ። እንዲህ፣ ቶሎ፣ ሳታስብ። ፈለቀችም አመነቻት። አልተጠራጠረችም እንኳ፣ እንግዲያው የእኔ እጅ ነው አለች። ጋሽ አረጋዊ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ግድ የለም፣ ከልጆቹ እንደገና እንለቅማለን አሉ፣ ግን የነገሯቸው ልጆች አድገዋል እኮ፣ የት ይገኛሉ። አቶ ገብረየስ ፈለቀችን በሳምንቱ አሰናበቱ።

ባለፈው ዓርብ ታክሲ ጥበቃ ላይ አገኘቻት። ሳናን ሳመችላት፣ ወፈረች አለች፣ ከዚያ እየሳቀች፣ ሳቅ ያልሆነ ሳቅ፣ ሐሚዬ፣ እስካሁን እያመላለስኩት ነው፣ የቱ ላይ እንደሳትኩ ልደርስበት አልቻልኩም፣ የሰው ማሽን ስነካ እያንዳንዱን ቁልፍ ሦስቴ ሳላይ አልጫንም አለቻት። ያኔ መናገር ነበረባት። ታክሲው መጣ። ሁሌ የሆነ ነገር ይመጣል።

አሁን ብትመለስና ለአቶ ገብረየስ እኔ ነኝ ብትል፣ ደብዳቤው ይቀደዳል፣ ሌላ ይጻፋል፣ ምናልባት። ሐሚዳ ግን ዛሬውኑ ከሥራ ትባረራለች፣ ሕፃን አዝሎ መሥራት ሌላ ማን ይፈቅዳል፣ ባሏ ሃይደር መኪናው አሰብ መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ከቆመ ሦስት ሳምንቱ፣ ሳና ምን ትበላለች። ዝም ብትል ደግሞ፣ ዝም ማለት ቀላል ነው፣ ስድስት ሳምንት ችላዋለች፣ ግን እንዴት ብላ ያን ቃል በገዛ እጇ ሁለት አድርጋ ታባዛዋለች፣ ያነበበችው እኮ ፈለቀች ባስተማረቻት ፊደል ነው።

ፎቶኮፒ አንሺዋ እጇን ዘርግታለች። እናት፣ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ላንሳው ወይስ አላንሳው?

እንደገና ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ዋይና ኤን። ወረቀቱ በላቧ ረጥቧል፣ ሳና ተነቃንቃ እንደገና ትተኛለች። ሁለቱ ሲመጡ እንዳትነኪ፣ እጅሽን አንሺና ጥሪኝ ተብላ ነበር፣ የምትጠራት ፈለቀች ግን የለችም። ስለዚህ ሐሚዳ ያን ቀን ያላነሳችውን እጇን አሁን አንስታ እናንተን ትጠራለች፣ ይህን የምታነቡ፣ ፊደሉን ከእሷ ይልቅ የምታውቁ፣ እባካችሁ፣ የቱን ትበል?