ዶን ኤፒፋኒዮን የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ

ሳያውቅ ለተሳሳተ ሰው ይታዘንለታል። እኔ ግን አውቅ ነበር። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ በኋላ ለራሴ ሳለቅስ አብሮኝ የሚያለቅስ ሞኝ እንዳይኖር ነው።

ስሜ ኔሬይዳ ይባላል። የምሠራው ሴሚያ በሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ቢሯችን ከጎማ ጥገናው ጎን ያለች ሁለት ክፍል ናት። ሁለት ሥራ አለን። አንደኛው፣ ግሪን ካርድ ይዘው በወይን እርሻው ያረጁ ወገኖቻችንን ለዜግነት ፈተና ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው፣ ዜጋ የሆኑትን ለምርጫ መመዝገብ። ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም። ዜጋ ያልሆነ ሰው «ዜጋ ነኝ» ብሎ የምርጫ ቅጽ ላይ ከፈረመ፣ አርባ ዓመት ቢኖር፣ ልጅ ቢወልድ፣ ግብር ቢከፍል፣ ያባርሩታል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይህንኑ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እናገራለሁ። «ፈተና ማለፍ ዜጋ አያደርግም። እንኳን ደስ አላችሁ የሚለው ደብዳቤም ዜጋ አያደርግም። ቀኝ እጃችሁን አንስታችሁ እስክትምሉ ድረስ ምንም አይደላችሁም።»

«ሚስቴም እንደዚሁ ነበር የምትለኝ፣ ነፍሷን ይማርና» ይላሉ ዶን ኤፒፋኒዮ ከኋላ ወንበር። «እሷ ደግሞ ብምልላትም አታምነኝም ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። እኔም እስቃለሁ።

ዶን ኤፒፋኒዮ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ስምንቱን ወይን ሲገርዙ ነው የኖሩት፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አሁን አልታጠፍ ብለዋል። ለፈተናው ትምህርት ብቻቸውን መጥተው አያውቁም። ሁልጊዜ ልጃቸው ዩሪዲያ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አእምሮዋ ግን ከስድስት ዓመት ልጅ አእምሮ አላለፈም። እዚሁ ስለተወለደች እሷ ዜጋ ናት። እናቷ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል፤ የሚያበሏት፣ የሚያጥቧት፣ መብረቅ ሲያስፈራት አልጋዋ ጫፍ ላይ የሚቀመጡት አባቷ ናቸው።

«እኔ ባንዲራ አላማረኝም፣ ልጄ» አሉኝ ለዜግነቱ ትምህርት ስንመዘግባቸው። «ምርጫም ቢሆን ቢቀር ይቀራል። ከላይኛው መንደር ግሪን ካርድ እያለው ያፈሱትን ሰውዬ ሰምተሻል? እኔን ቢወስዱኝ ዩሪዲያን ማን ያያታል? ማንም የማይወስድብኝ ወረቀት ብቻ ነው የምፈልገው።»

እንግሊዝኛ አያነቡም፤ በሽምግልናቸው ሕጉ ስለፈቀደላቸው በስፓኒሽ ተፈትነው አለፉ። ደብዳቤውን በዚያው ቀን ፋርማሲው አጠገብ ላስቲክ አስለበጡት። እኔ ዘንድ ሲያመጡት እንደ ቅዱስ ሥዕል በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። መሐላው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሚል ቀጠሮም ደረሳቸው።

ይኸው እንግዲህ። ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። የቀረው እጅ ማንሳት ብቻ ነበር።

የምርጫ ምዝገባው የሚዘጋው ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ አለቃዬ ሶኮሮ ጠረጴዛ አሸክማ ወደ ገበያ ላከችኝ። «ሃያ ቅጽ ሳትይዢ ዓይንሽን እንዳላይ» አለችኝ፤ እየቀለደች ነው፣ ደግሞም አልነበረም። በገንዘብ የሚረዱን ሰዎች ከቁጥር ሌላ አያነቡም። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አሥራ ሦስት ብቻ ነበር በእጄ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰዉ ጠረጴዛዬን ሲያይ ጫማና ድስት ወደሚሸጥበት ዘወር ይላል። አንዷማ፣ «ሴትዮ፣ ባለፈው ጊዜ መርጬ ያተረፍኩት የቤት ኪራይ ጭማሪ ነው» ብላኝ አለፈች።

ዶን ኤፒፋኒዮ ዩሪዲያን በአንድ እጃቸው፣ የአናናስ ጭማቂ በሌላው ይዘው ከተፍ አሉ።

«ምነው ፊትሽ እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠለጠለ?»

«ሰው የለም፣ ዶን ኤፒፋኒዮ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም?»

«እርስዎማ ገና...» አልኩና አቆምኩ። «መሐላው መቼ ነበር?»

«ከመጪው ሐሙስ በኋላ ባለው ሐሙስ። አይሆንም እንዴ? አንቺ ጠብቅ ካልሽኝ እጠብቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ወረፋ ላይ ነው የኖርኩት።»

አንቺ ጠብቅ ካልሽኝ። ሰውየው ጉዳዩን በእጄ ላይ አስቀመጡት። ይጠብቁ ማለት ነበረብኝ። ከማሉ በኋላ፣ ምዝገባው ቢዘጋም ለአዲስ ዜጎች ስለሚፈቀድ፣ ወደ ምርጫ ቢሮው ሄደው በራሳቸው መመዝገብ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ያ ግን የእኔ ቁጥር ውስጥ አይገባም። በሆዴ አሰብኩት። ወረቀቱ ቢሮ ለቢሮ ሲንከባለል ሐሙስ ይደርሳል፣ እሳቸውም ይምላሉ፤ ምርጫው ገና በሚቀጥለው ወር ነው፤ ማንን ይጎዳል? ቅጹን ሳብኩት። «ዜጋ ነዎት?» የሚለው ላይ «አዎ» የሚለውን ሳጥን በራሴ እጅ ምልክት አደረግኩበት። እሳቸው በማይታጠፉት ጣቶች እስክሪብቶውን ጨብጠው፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ቀስ ብለው ፈረሙ።

አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ።

ለመሐላው እኔው በመኪናዬ ወሰድኳቸው። ዩሪዲያ ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። አዳራሹ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል፤ በሩ ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ግሪን ካርዶቹን እየተቀበለች ታስገባለች፤ ዜጋ የሚሆን ሰው የድሮውን ካርዱን ይመልሳልና። ተማሪዎቼን ሁሉ የማስተምረው አንድ ነገር አለ። ከመንግሥት የመጣ ወረቀት ካላችሁ አንድም ሳታስቀሩ ይዛችሁ ሂዱ እላለሁ፤ በአንድ ወረቀት ጉድለት ስንቱ ሲመለስ አይቻለሁና። የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ባልነግራቸውም ይህንኑ ነው የሚያደርጉት። ባለሥልጣን አንድ ወረቀት ሲጠይቃቸው ያላቸውን ሁሉ ይዘረግፋሉ፤ የደበቁ እንዳይመስልባቸው።

ዶን ኤፒፋኒዮ ግሪን ካርዳቸውን ሰጡ። ከዚያ ላስቲክ የለበሰውን ደብዳቤ። ከዚያ ማክሰኞ ዕለት በፖስታ የደረሳቸውን የመራጭ ካርድ ከላይ ደረቡበት።

«ይሄም አለኝ» አሉ በኩራት።

ክው አልኩ። ካርዱ እንደተላከላቸው አልነገሩኝም ነበር፤ ለካ ሊያስደንቁኝ ነው። ልጅቷ ካርዱን አየችው፤ ቀኑን አየች፤ እንደገና አየችው። ክፉ አልነበረችም። ፊቷ ሲጠቁር አይቻለሁ፤ ምነው ባላየሁት ያለች ይመስለኛል። ከጎኗ የቆመው አለቃዋ ግን አንገቱን አስግጎ አየ፤ ዶን ኤፒፋኒዮን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጎን በር አስገባቸው።

እኔና ዩሪዲያ ተቀመጥን። መዝሙሩ ተዘመረ። ሦስት መቶ ሰው ቀኝ እጁን አነሳ፤ ዩሪዲያም አነሳች። አጠገቤ ያለች ሴት ባሏን አቅፋ ታለቅሳለች። እኔ የጎኑን በር ብቻ አያለሁ።

ዶን ኤፒፋኒዮ ወጥተው፣ «ሌላ ቀን ይጠሩኛል አሉ» አሉኝ። «ካርዱ ላይ የሚጣራ ነገር አለ ነው የሚሉት። አንቺ ታውቂዋለሽ መቼም።»

የመኪናውን በር ከፈትኩላቸው። መንገዱን ሙሉ ዩሪዲያ ብቻ ነበረች የምታወራው።

በማግስቱ ለሶኮሮ ሁሉንም ነገርኳት። በሩን ዘጋችው።

«ምንም ነገር እንዳትጽፊ» አለችኝ። «ሰምተሻል? እኔ ነኝ የሞላሁት ብለሽ አንድ መስመር ብትጽፊ ሴሚያን ይዘጉታል። ማክሰኞ የሚመጡትን ሰዎች ምን ልትያቸው ነው? አንቺንስ ቢከሱሽ? ሁለት ልጅ አለሽ እኮ!»

«እሳቸውስ?»

«የዜግነት ማመልከቻቸውን የያዘችላቸው ጠበቃ አለች አይደል? ጠበቃዋ ታውቅበታለች።»

ሶኮሮ ላይ ላላክክ እችል ነበር። እውነቱ ግን ልክ ይህን እንድትለኝ ነበር የፈለግኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አንድ ማክሰኞ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር፤ ማንም የሚቀልድ የለም። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት ስልኬ ጠራ፤ ዶን ኤፒፋኒዮ ናቸው። ስልኩን አየሁት፤ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። እንደገና ጠራ። ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

የስልኩን ድምፅ ግን ልረሳው አልቻልኩም። ቅዳሜ ተቀምጬ ሁሉንም ጻፍኩ፤ ሳጥኑን ማን ምልክት እንዳደረገበት፣ ሰውየው ልጠብቅ ወይ ብለው እንደጠየቁኝ፣ እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ። ፈረምኩበት። ሰኞ ጠዋት ጠበቃቸው ቢሮ ሄድኩ። ወይዘሮ ባሪየንቶስ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀመጠች።

«ይሄን ባለፈው ሰኞ ብታመጪልኝ ኖሮ አቅፌ እስምሽ ነበር» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«ሐሙስ ጠርተው አስምለው ጠየቋቸው። ቅጹን ማን ሞላልዎ? የረዳዎ፣ ያሳሳተዎ ሰው አለ? ሦስት ጊዜ ነው የጠየቋቸው፤ መውጫውን በር ነው የከፈቱላቸው። እሳቸው ደግሞ ማንም የለም፣ ብቻዬን ነው የሞላሁት አሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እግራቸውን እረግጣለሁ፤ እሳቸው ወይ ፍንክች።»

«ታዲያ ይሄ ደብዳቤ...»

«ይሄን ካስገባሁት በመሐላ ዋሽተዋል ማለት ነው። ውሸቱ ብቻውን ያባርራቸዋል። ካላስገባሁት እያወቁ ፈርመዋል ማለት ነው። ያም ያባርራቸዋል።» ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ውሰጂው። ከአንቺ ጋር ይቀመጥ።»

ሐሙስ ነው ያለችኝ። ስልኩ የጠራው ረቡዕ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። ዶን ኤፒፋኒዮ በረንዳው ላይ ባቄላ ይፈለፍላሉ፤ ዩሪዲያ የፈለፈሉትን በመደዳ ትደረድራለች። ወንበር ሳቡልኝ።

«ስልክ አላነሳሽም» አሉኝ።

«አላነሳሁም።»

«ምን ልበላቸው ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። ሳታነሺ ስትቀሪ ገባኝ። ስሟ እንዲነሳ አልፈለገችም አልኩ። አላነሳሁትም።»

«ለምን? ዶን ኤፒፋኒዮ፣ ለምን? ጥፋቱ የኔ ነው እኮ!»

«የሰው ስም ለመንግሥት ሰጥቼ አላውቅም፣ ልጄ። ባሳለፍኩት ዘመን ሁሉ፣ ከጎኔ የሚሠራው ወረቀት አለው የለውም ብለው ሲጠይቁኝ አላውቅም እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን በስተርጅና አንቺን ልስጥ?»

አለቀስኩ። «ይስደቡኝ» አልኳቸው። «ይምቱኝ። ከዚህ ውጪ ይበሉኝ።»

«እሱ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉና እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «ችሎቱ የካቲት ላይ ነው። ጠበቃዋ ተስፋ አትስጪኝ ብያት አልሰጠችኝም። ልትይዛት ትችል የነበረችው እህቴ ሞታለች። ዩሪዲያን እዚያ አገሬ ብወስዳት መድኃኒቷን የት አገኛለሁ? ሐኪሞቿም ሁሉ ያሉት እዚህ ነው።» ገብተው አንድ ፖስታ ይዘው ወጡ። «ይሄ የሞግዚትነት ማመልከቻ ነው። ለፍርድ ቤት። አንቺ ቅጽ መሙላት ታውቂያለሽ። ስምሽን አስገቢበት።»

«እኔን? ከዚህ ሁሉ በኋላ እኔን?»

«የሠራሽውን ስለምታውቂ አትረሺያትም። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰለቻታል።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሞላሁት። ሁለት ቦታ ተሳስቼ ሰረዝኩ። የሷን ስም፣ የተወለደችበትን ቀን፣ የምትወስደውን መድኃኒት፣ የእኔን አድራሻ። ዩሪዲያ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ፣ «ምን ትጽፊያለሽ?» ትለኛለች። «ስምሽን» አልኳት። ደስ አላት።

ስጨርስ እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም።

«አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው።

«እንደገና።»

እንደገና ከላይ ጀምሬ እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ። ዓይኖቻቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ ተነሱ፤ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና በአጥሩ በኩል ጎረቤታቸውን ዶኛ ታይዴን ጠሩ። አሮጊቷ መነጽሯን ፈልጋ መጣች።

«እስቲ ይሄን አንብቢልኝ» አሏት። «እሷ ያለችው ውስጡ እንዳለ እይልኝ።»

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ፊታቸውን ወደኔ አላዞሩም፣ ከኔም አላሸሹም። ዶኛ ታይዴ በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል በቃል፣ ብዙ ጊዜ ወስዳ አነበበችው። እኔ ቆሜ ጠበቅኩ።

«ልክ ነው» አለች በመጨረሻ።

ያን ጊዜ ፈረሙ።