የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ

ሬሕማ ታሪክ ፈጥራ በካሴት እየቀዳች ደሴ ላለችው እህቷ ትልክ ነበር፤ ያኔ ስልክ እንደ ልብ አይገኝም። ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር የሰው ቤት ስትሠራ ውላ ጀሪፍ ሰፈር የተከራየችው ክፍል ስትገባ ቴፑን ትከፍትና ከሺህ ዓመት በኋላ ከባሕር በታች ስለምትኖር ከተማ ታወራለች። አንዱን ካሴት «ሦስተኛው ጩኸት ሲሰማ በሩ ይዘጋል፤ ውጭ የቀረ አይተነፍስም» ብላ ጀመረች። ማብራሪያ አትወድም። አብራት የምትኖረው ማዘንጊያ ግን፣ እሷን ደግሞ ማን ይችላታል፣ «የምን በር? ማነው የሚዘጋው? ኧረ አስረጂን» እያለች ነዘነዘቻት። ሬሕማም ንዴቷን በካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ተወጣችው። በር ዘጊዎቹ ኬላ ላይ የሚቆሙ፣ መታወቂያ እየጠየቁ ሴት የሚያስለቅሱ፣ ልክ እዚህ እንደምናውቃቸው ጠባቂዎች ናቸው ብላ አንድ በአንድ ዘረዘረች።

ያንኑ ካሴት ወደ ደሴ ለሚሄድ፣ ሶባ ላለ መንገደኛ ልታደርስ በሃፍላ አውቶቡስ ስትሄድ ኬላ ላይ አወረዷት። የኬላው መኮንን ካሴቱን ከቦርሳዋ አውጥቶ ቴፕ ውስጥ ከተተው። የሚተረጉምለት ሙስዐብ ነበር፤ እዚያው ካርቱም የተወለደ የሐበሻ ልጅ፣ አማርኛው ስብርብር ያለ።

«በሩ ይዘጋል ትላለች» አለ ሙስዐብ።

«የቱ በር? መቼ?» አለ መኮንኑ።

ሬሕማ ደሟ ደረቀ። ካላስረዳች ሴራ ሊመስለው ነው። አጥጋቢ መልስ ካጣ ደግሞ ካሴቱን ይገለብጠዋል፤ ከገለበጠው እስር ነው፣ ወይም በመተማ በኩል መባረር።

«ወላሂ ተረት ነው ጌታዬ፤ በሩ የሚዘጋው ውሃው እንዳይገባ ነው» አለች በዐረብኛ። እዚህ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? ፍርሃት ምላሷን ፈታው። አየሩን በአቁማዳ እንደሚሸጡ፣ ሕፃናት ተንሳፍፈው እንዳይሄዱ ከአልጋ ጋር ታስረው እንደሚተኙ አወራች። የመኮንኑ ፊት ፈታ አለ።

«ጎበዝ ነሽ። በይ ቀሪውን እንስማ» ብሎ ካሴቱን ገለበጠው።

የገዛ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «እሺ ማዘንጊያ፣ በሩን የሚዘጉት እነማን እንደሆኑ ልንገርሽ።» ቴፑ ሁሉንም ዘከዘከው።

«ምን ትላለች?» አለ መኮንኑ።

ሙስዐብ ላቡን ጠረገ። «ስለ ውሃው ነው። ያንኑ ትደግመዋለች።»

መኮንኑ ጥቂት አዳምጦ ሰለቸው፤ ካሴቱን አውጥቶ ወረወረላት። «ያላ፣ ሂጂ።»

ሙስዐብ እስከ መንገዱ ሸኛት።

«እህቴ» አላት በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ይሄ ሁለተኛውን አጥፊ። እኔ በሩን ማን እንደሚዘጋ በመጀመሪያው ገብቶኝ ነበር።»