ባለ መስኮቱ ክፍል

ለይኩን ጫት ሲቅም ባለጠጋ ነው። ይህን አደን ከተማ መዓላ ሠፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ከምሳ በኋላ ጉንጩ ሞላ ሲል ለድሃ ቤት ይሠራል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ይለውጣል፣ ሚስቱን ለተ ማርያምን ደግሞ በረንዳ ባለው የመርከብ ክፍል አስቀምጦ ቀይ ባሕርን ያዞራታል። ፀሐይ ጠልቃ ምርቃናው ሲበርድ ግን በረንዳው ወደ መስኮት ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱም ይደፈንና፣ "የውስጡ ክፍል ምን አለው? ለመኝታ አይደል?" ይላል። ያን ሰሞን ሁለት ወር ያህል እንዲህ ነበር የኖሩት፤ ከሰዓት ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል።

የሽርሽሩ ሐሳብ የእሷ ነበር። ለተ ማርያም ልብስ ሰፊ ናት። አንዲት የሙሽራ እናት ቀሚስ ልትለካ መጥታ በስልኳ ቪዲዮ አሳየቻት። ሰዎች ጅዳ ላይ ተሳፍረው ሳምንት ሙሉ በባሕር የሚንሸራሸሩበት ትልቅ መርከብ ነው። መዋኛው፣ መብራቱ፣ ሙዚቃው አላስደነቃትም። ያስደነቃት አልጋው ነው። ተሳፋሪው ለቁርስ ሲወጣ አንድ ሰው ገብቶ አልጋውን ያነጥፋል፣ ፎጣውን በዳክዬ ቅርጽ አጥፎ ትራሱ ላይ አስቀምጦ ይወጣል። ለተ ማርያም ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ የተኛችው ሆስፒታል የገባች ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ተመኘች፤ ሳትታመም ይነጠፍልኝ አለች። ምኞቷ ይኸው ነው፤ ብዙ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይንገረን።

የዕቁብ እጣ ሲወጣላት ገንዘቡን በሳዑዲ ሪያል አስቀመጠችው። የአደኑ ሪያልማ ዛሬ ካስቀመጡት ነገ ሳስቶ ነው የሚገኘው። የስፌቱን ትርፍ ጨመረችበት። ለይኩንም ሁጀይፍ ወደብ ላይ ለመርከቦች ስንቅ ከሚያቀርበው መሥሪያ ቤቱ ከሚያገኘው ደመወዝ ጥቂት ጥቂት ጣል አደረገ። ከዚያ ሒሳቡ መጣ፤ ከሒሳቡ ጋር ጭቅጭቁ።

"መስኮት ለማየት ነው ይህ ሁሉ ፉሉስ?" ይላል ለይኩን። "ባሕሩን ሁጀይፍ ላይ በነፃ ሳየው ሠላሳ ዓመቴ!"

"አንተ አየህ እንጂ እኔ መቼ አየሁ? እኔ የማየው የመርፌ ቀዳዳ ነው።"

ለስላሳ መጠጡን ሰረዘ። በየወደቡ ወርዶ መጎብኘቱንም ሰረዘ። ለመርከቡ ሠራተኞች በነፍስ ወከፍ በየቀኑ የሚከፈል ጉርሻ እንዳለ ሲሰማማ ጮኸ። "ጉርሻ ሰጪው ደስ ሲለው ነው እንጂ እንደ ግብር ይጣላል እንዴ?"

"እሱ አይነካም" አለች ለተ ማርያም። "አልጋዬን ላነጠፈ ሰው ጉርሻ አልነፍግም።"

ቀኑን መምረጥም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። የመርከቡ ዋጋ ምግቡን ጨምሮ ነው፤ ርካሽ የሆኑት ሳምንቶች ደግሞ አንድ ባንድ ሁዳዴ ላይ ይወድቃሉ። ሥጋውንና ዓሣውን በገንዘብ ገዝቶ ሽንብራ ፈልጎ መዞር ለለይኩን ከኃጢአትም የከፋ ነገር ነው። በመጨረሻ ከፋሲካ በኋላ ያለውን በዓለ ሃምሳን መረጡ። ያኔ ረቡዕና ዐርብም አይጾምም፤ አንድ ቁርስ እንኳ አይባክንም። ለይኩን በዚህ ግኝቱ በጣም ከመደሰቱ የተነሣ ባለ መስኮቱን ክፍል ፈቀደ። ለተ ማርያም ያን ዕለት ስትሰፋ እያንጎራጎረች ዋለች።

ማክሰኞ ጠዋት ክሬተር ወደሚባለው የአደን ገበያ ሠፈር ወረዱ። ሃዲል የምትባል ወጣት የጉዞ ወኪል እዚያ ከሽቶ መደብር በላይ አንዲት ጠባብ መክተብ፣ ማለት ቢሮ፣ አለቻት። "ያ ዐም፣ ያ ኻላ"፣ አጎቴ፣ አክስቴ፣ እያለች በዐረብኛ ተቀብላ አስቀመጠቻቸው። ለተ ማርያም ገንዘቡ ያለበትን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሃዲል ፓስፖርቶቹንና የለተ ማርያምን የመኖሪያ ፈቃድ ስታገላብጥ ቆየች።

"ያ ዐም፣ ሚስቴ ናት አላልከኝም እንዴ? ኢቃማዋ ላይ ሸጋላ ነው የሚለው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ለይኩን አደን ተወልዶ ያደገ፣ በአባቱ በኩል የየመን ፓስፖርት ያለው ሰው ነው። ለተ ማርያም ግን የደሴ ልጅ ናት። አገር ቤት ሄዶ በተክሊል አገባት። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ተተርጉሞ፣ ኤምባሲ ማኅተም አድርጎበት፣ አደን ፍርድ ቤት ቀርቦ ዐቅድ፣ ማለት በሕግ የታወቀ የጋብቻ ውል፣ እስኪሆን ወራት ይፈጃል አሉት። ሸጋላ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ብሎ ማስመጣት ግን የሳምንት ሥራ ነበር። "ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አንቺ ግቢ እንጂ እናስተካክለዋለን" አላት። አዲስ ሙሽሮች ነበሩና እሷም ስቃ ተቀበለች።

ያ አንድ ዓመት ይኸው ሃያ ሁለት ሆነ። በዚህ መሐል ለይኩን ሞተር ሳይክል ገዝቷል፣ ጥርስ አስተክሏል፣ ቴሌቪዥን ሁለት ጊዜ ለውጧል። ጦርነት ነበር ይላል። እውነቱን ነው፣ ጦርነት ነበር፤ ሁለተኛው ቴሌቪዥን ግን በጦርነቱ መሐል ነው የተገዛው። ልጅም አልወለዱም፤ ወልደው ቢሆን ኖሮ ለልጁ ሲባል ወረቀቱ ይስተካከል ነበር። ለተ ማርያም ሁሉንም ታውቃለች፣ የተደበቀባት ነገር የለም። ፈቃዱን በየዓመቱ የሚያሳድሰው እሱ ነው፤ ፓስፖርቷም ለዚሁ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። ቃሉም ካርዱ ላይ ተጽፎ ይኑር እንጂ እስከዚያች ቀን በሰው አፍ ሲጠራ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ሃዲል አዘነችላቸው። ያለ ዐቅድ ወንድና ሴት አንድ ክፍል ማስያዝ አይቻልም አለች። "ፍርድ ቤት ሂዱና ዐቅዱን አውጡ፣ ኢቃማውም ይስተካከል። ቅጣት ይኖረዋል። በሚመጣው ወቅት ትሄዳላችሁ።"

"ቅጣቱ ስንት ነው?" አለ ለይኩን።

የነገረችው ገንዘብ ከያዙት ላይ ሩብ ያህሉን የሚበላ ነበር።

"ይሁን" አለች ለተ ማርያም ፈጥና። "መስኮቱ ይቅር። የውስጡ ክፍል ይበቃናል። ዐቅዱ ይውጣ።"

ይህች ሴት ሁለት ወር የታገለችለትን መስኮት በአንድ ትንፋሽ ስትተወው ያየ ባል፣ ባል ከሆነ፣ እዚያው ቦርሳውን ተቀብሏት ወደ ፍርድ ቤት ይሮጥ ነበር። ለይኩን ግን ወደ ሃዲል ጠጋ አለ።

"ሌላ መንገድ የለም?"

ሃዲል አመነታች። "ሸጋላ ይዘው ለሚሄዱ ሰዎች የተዘጋጀ አለ። ለእሷ ታችኛው ወለል ላይ አራት ሴቶች የሚተኙበት ክፍል ይሰጣታል። የምትበላውም ከሠራተኞቹ ጋር ነው። ዋጋው ከግማሽ በታች ነው። ግን ያ ዐም…"

ለይኩን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም። ስልኩን አውጥቶ መደመር መቀነስ ጀምሯል። ዓይኑ በራ። በጠዋቱ፣ ያለ አንድ ቅጠል ጫት፣ መረቀነ።

"ለተ!" አላት በአማርኛ። "በዚሁ ገንዘብ የእኔ ክፍል ባለ በረንዳ ሊሆን ነው እኮ! ቀን ቀን እኔ ጋ በረንዳው ላይ ትውያለሽ። ለመኝታ ብቻ ነው የምትወርጂው። ወረቀት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርንበት ወረቀት አይደል?"

"አልጋህንስ ማን ያነጥፈዋል?" አለችው።

"እነሱ ናቸዋ! ተከፍሎበት የለም እንዴ?"

አልገባውም። ሃዲል አማርኛ አታውቅምና ጣቷን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። "ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ ያ ዐም? ሚስት ወይስ ሸጋላ?"

ለይኩን ሚስቱን አያት። እንዳንበድለው፣ አይቷታል፤ ስልኩ ላይ ያለውን ሒሳብ ግን አስረዝሞ አየው።

"ሸጋላ" አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለተ ማርያም ተናደደች ማለት አይበቃም፤ አፈረች። ያሳፈራት የልጅቷ መስማት አልነበረም፤ እሱ ሲናገረው አለማፈሩ ነው። ቦርሳዋን ሳትከፍት ተነሣችና ሃዲልን፣ "ሌላ ቀን እንመለሳለን፣ ያ ቢንቲ" አለቻት። በመንገድ ላይ ለይኩን ዋጋው እስከ እሑድ ብቻ እንደሚቆይ ደጋግሞ ነገራት። ያኮረፈችው በመስኮቱ መስሎታል። የዚያን ዕለት ማታ የልብስ ስፌት መኪናዋ ባለበት ክፍል አንጥፋ ተኛች፤ በነጋታውም፣ ከነጋታው ወዲያም እንዲሁ።

ዐርብ በሠፈሩ ውኃ የሚለቀቅበት ቀን ነው። ለተ ማርያም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ በርሜሎቹን ትሞላለች፣ የሳምንቱን ልብስ ታጥባለች። ያን ዐርብ ለይኩን ረፍዶበት ሲነሣ በርሜሎቹ ባዶ ናቸው፤ ውኃው መጥቶ ሄዷል። ሸሚዙ ሐሙስ ባወለቀበት ወንበር ላይ ተጨማዷል። ሚስቱ የክት ልብሷን ለብሳ በሩ ዘንድ ጫማዋን ትቆልፋለች።

"ውኃውስ?" አላት።

"ዛሬ ዐርብ አይደለም እንዴ? ሸጋላ ዐርብ ዕረፍቷ ነው።"

ሳቀ። ብቻውን እንደሚስቅ ሲያውቅ ተወው። "ተይ አሁን ቀልዱን፣ ለተ።"

"እርስዎ ካዘዙ ከጎረቤት ቀድቼ ነገ እሞላለሁ።"

ተክሊል ከደፉበት ቀን ጀምሮ "አንተ" ስትለው የኖረች ሴት ናት፤ ስትወደውም አንተ፣ ስትሰድበውም አንተ። ስድብ ቢሆን መልስ አያጣም ነበር። ለአክብሮት ምን ይመልሳል? ብዙ ካሰበ በኋላ ያገኘው ይህን ነው፤

"ለሸጋላም ቢሆን መስኮት ያለው ክፍል እንዳለ ሃዲልን እጠይቅልሻለሁ።"

ለተ ማርያም ይህን ሰምታ ነጠላዋን አስተካክላ በሩን ከፈተችው። ያኔ ነው የፈራው።

"ትመለሻለሽ አይደል?" አላት።

"የት እሄዳለሁ፣ ጌታዬ?" አለችው። "ፓስፖርቴ እርስዎ ዘንድ ነው።"