የዘውዱ በሬ ማንን ያስጠጋል?

የዘውዱ ቀይ በሬ ከበረት ከተሰረቀ ወዲህ፣ ከአንበሳሜ ዳር ያለው ሰፈር ሴት ወንዱ ሜዳ ላይ ተሰብስቧል። አውጫጭኝ ነው፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል፣ ገብሱ አልታጨደም። ሰዉ እየተቁነጠነጠ አንዴ ደመናውን፣ አንዴ ጭቃ ሹሙን አያ ገብረየሱስን ያያል። በረዶ እንደሆነ የሌባ ማሳ ከጨዋ ማሳ ለይቶ አይወርድም።

ዘነበች ከሁሉ ይልቅ መቀመጫ መቆሚያ አጥታለች። ከስብሰባው የጎደለው አንድ ሰው ወንድሟ ደምሴ ነዋ። «ሌባ ይሸሻል። ደምሴ ሸሽቷል። እንግዲህ ሌባው ደምሴ ነው» ይባላል። ይህን መጀመሪያ ያለው ሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋት፤ የገዛ ባሏ ሙላቴ ነው። «አማቼ ነው፣ ያመኛል፤ ግን እውነት እውነት ነው» ብሎ ሣር እየነጨ ተቀመጠ።

ምን እውነት አለው። ሌባ ይሸሽ ይሆናል፤ የሸሸ ሁሉ ግን ሌባ ነው? ደምሴ የሸሸው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ሥራ ጉልበተኛ ሲለቀም እንዳይያዝ ነው። ቆላ ወርዶ መደበቁን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እንዳትናገር፣ ጉልበተኛ የሚለቅሙት ያው ጭቃ ሹሙ ናቸው። ዝም እንዳትል፣ በሌብነት ይፈረድበታል፣ ርስቱም ይሄዳል። ወዲያ ወዲህ ስትል ድንገት አንድ ነገር ታሰባትና ብድግ አለች።

«አያ ገብረየሱስ፣ ይፍቀዱልኝ። የዘውዱ በሬ ተዋጊ መሆኑን የማያውቅ አለ?»

«የለም» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«አምና ደምሴን አልወጋውም? ጠባሳው ዛሬም ጎኑ ላይ አለ። እንዲያ ያለ በሬ ደምሴን አስጠግቶ፣ አንገቱን ለገመድ ሰጥቶ፣ ዝም ብሎ ይከተለዋል? የወሰደው በሬው የለመደው ሰው ነው።»

ጉርምርምታ ተነሣ። «እውነቷን ነው» አለች ጎረቤቷ ዓለሚቱ። ዘውዱም ራሱን ነቀነቀ። የዘነበች ፊት በራ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለውም ግን እንዲህ ላለው ቀን ነው።

«ታዲያ ማንን ያስጠጋል?» አሉ አያ ገብረየሱስ።

«ባለቤቱን ዘውዱን፣ ደግሞም...» ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ዘውዱና ሙላቴ ያላቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ። ቀዩን በሬ ከዘውዱ ሌላ የሚጠምደውና የሚፈታው አንድ ሰው ነው። ዘውዱ ደግሞ የራሱን በሬ አይሰርቅም። ሰዉ ገና አልደረሰበትም፤ እሷ ግን ደርሳለች። «እኔ አላውቅም» ብላ መቀመጥ ትችላለች። ከተቀመጠች ግን ደምሴ አለቀለት።

«አብሮት የሚያርሰውን» አለች።

ዓይን ሁሉ ወደ ሙላቴ ዞረ። አልካደም፣ አልማለም። ሚስቱን ብቻ አያት።

«ልጆቻችንስ ምን ሊሆኑ ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

ዘነበች እስከዚያ ድረስ አላሰበችም ነበር።