የእምቢታዬ ግልባጭ

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሆቴል ያስተዳድር ነበር። ይህን የነገረን ራሱ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የፍሳሽ ማጣሪያውን በመሐረብ አፍንጫውን ይዞ ከዞረ በኋላ። ሆቴሉ መዋኛ ነበረው። መዋኛው ሰማያዊ ነበር። የእኛ ትልቁ ገንዳ ግን ቡናማ ነው፤ አረፋ ደፍቆ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ይውላል። ሰውየው ባየው ቁጥር ፊቱ ሬት የቀመሰ ይመስላል።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው ጠራንና ሐሙስ ከበላይ አካል ጎብኚዎች እንደሚመጡ ነገረን። ስለዚህ በማግስቱ ከመጋዘን ስምንት በርሜል ክሎሪን አውጥተን ትልቁ ገንዳ ውስጥ እንድንገለብጥ አዘዘ። አረፋው ይጠፋል፣ ውሃው ይጠራል፣ እንግዶቹም ደስ ይላቸዋል።

የታዘዝነው እኔና ጋሽ አፍንጫ ነን። ጋሽ አፍንጫ ማጣሪያውን ሃያ ስድስት ዓመት ያንቀሳቀሱ ሰው ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። እኔ በማይክሮስኮፕ ግማሽ ሰዓት ፈጅቼ የምደርስበትን እሳቸው ገንዳው ጫፍ ቆመው አንዴ ምገው ይነግሩኛል። ዝናብ የጠገበ አፈር ከሸተተ ደህና ነው። የገማ እንቁላል ከሸተተ፣ “አየር አንሷቸዋል” ይላሉ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሁሉ።

የሚያወሩት ስለ ባክቴሪያዎቹ ነው። ፍሳሹን የሚያጸዱት እነሱ እንጂ ሞተሩም እኛም አይደለንም። ቆሻሻውን ይበላሉ፣ ሲጠግቡ እርስ በርስ ተያይዘው ይዘቅጣሉ፣ ከላይ የቀረው ንጹሕ ውሃ ወደ ጅረቱ ይሄዳል። ክሎሪን የምንነካው መጨረሻ ላይ፣ መውጫው ጋ፣ ያውም ተለክቶ ነው። ስምንት በርሜል ገንዳው ውስጥ ከገባ አንድም አይተርፍም። እንደገና አርብቶ እዚህ ለማድረስ ሁለት ወር ይፈጃል። እስከዚያ የየቤቱ ፍሳሽ እንደመጣ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ከመውጫ ቱቦአችን ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብሎ ደግሞ የእናቴ የአትክልት ቦታ አለ።

ከእናቴ በስተቀር ይህን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። ጨርሼ ስበቃ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ።

“ባክቴሪያ መግደል አይደለም እንዴ ሥራችን?”

“ሥራችን እነሱን መቀለብ ነው።”

ሳቀ። ሲስቅብኝ ደግሞ አልወድም። ሄጄ ማይክሮስኮፑን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከአበባው አጠገብ ጎለትኩት። ከገንዳው በተቀዳ አንዲት ጠብታ ውስጥ ደወል የሚመስሉ፣ በቀጭን ክር ላይ የቆሙ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ባክቴሪያ ይለቅማሉ። እነሱ ካሉ ገንዳው ጤነኛ ነው። ክሎሪን ሲነካቸው ክሩ ይጠቀለላል፣ አፋቸው ይዘጋል፣ በቃ። በዓይኑ እንዲያየው ጠየቅሁት። የሽንት ቤት ውሃ በአጉሊ መነጽር ለማየት አልተቀጠርኩም አለኝ።

የመጋዘኑ ቁልፍ የተፈረመው በስሜ ነው። “እንግዲያው ማዘዣውን በጽሑፍ ይስጡኝ” አልኩት።

“ለሰገራ ደብዳቤ?”

“በማኅተም።”

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ አፍንጫ ክንዴን ያዙኝ። ለጡረታ የቀራቸው ሦስት ወር ነው። ስንቱን ሥራ አስኪያጅ እንደሸኙ፣ ሁሉንም ያሳለፉት አንገት ደፍተው እንደሆነ ነገሩኝ። ጎመን በጤና ነው አሉ።

“ጎመኑ የሚጠጣው እኮ ይሄንኑ ውሃ ነው፣ ጋሼ።”

ክንዴን ለቀቁኝ።

እናቴ የፍሳሽ ቦትዬን ከደጃፍ አታሳልፍም። ገበያ ላይ ለሚጠይቋት “ልጄ ላብራቶሪ ናት” ብላ ነው የምታልፈው። ያን ዕለት ማታ ነገሩን ስነግራት ሁለት ወር ማለት ሰላጣው፣ ካሮቱና አዲሱ የጎመን መደብ መሆኑን በጣቷ ቆጥራ ጨረሰች። ከዚያ ምን ልለው እንዳሰብኩ ጠየቀችኝ።

“እምቢ።”

“እሱንማ አፍ ሳትፈቺ ነው የጀመርሽው” አለችና ሳህኖቹን አነሳች።

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። በማኅተም።

እውነቱን ለመናገር ይጽፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው አፉ እንጂ እጁ አይደፍርም ብዬ ነበር። “ለጉብኝቱ ዝግጅት ሲባል” ይጀምራል፤ ስምንቱም በርሜል ሳይጎድል ሰፍሯል። ራሴ በጽሑፍ ይስጡኝ ያልኩትን ሰጠኝ። ጋሽ አፍንጫ በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ አሁንስ ምን ይውጣት ይሆን የሚል ፊት ነው።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነበር።

“ማዘዣው ደርሶኛል” ብዬ ጻፍኩ። “አልፈጽምም። ትእዛዙ ከተፈጸመ ያልተጣራ ፍሳሽ ለሁለት ወር ወደ ጅረቱ ይገባል፤ ጎብኚዎቹ የሚያዩትም የጠራ ውሃ ሳይሆን የሞተ ገንዳ ነው።” ፈረምኩ። ከበታቹ “ግልባጭ” ብዬ ዘረዘርኩ፦ ለጎብኚው ቡድን፣ ለጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለጅረቱ ዳር አትክልት አምራቾች። ሁለቱንም ገጽ አባዝቼ አንዱን ለሥራ አስኪያጁ ወሰድኩለት።

ደብዳቤውን አላነበበም። ዓይኑ በቀጥታ ግልባጩ ላይ ነው ያረፈው። እዚያው ቆየ።

“ይሄ ሁሉ ለእናትሽ ጎመን ነው?” አለ በመጨረሻ። ማን እንደነገረው አላውቅም።

“አዎ። የእርስዎም ምሳ ከዚያው ነው። ክበባችን የሚገዛው ከእሷ ነው።”

ለሰባት ቀን አገደኝ። ቁልፉን ለጋሽ አፍንጫ እንዳስረክብ አዘዘ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። ያመንኳቸው እንዳይመስላችሁ። ግልባጮቹን ግን ከሰዓት በኋላ በእግሬ ዞሬ አደረስኩ።

ሐሙስ ገና በማለዳ ቱቦው አፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ክሎሪኑ ከገባ በመጀመሪያ የሚያሳብቅብን እዚህ ነው፤ ውሃው በረኪና በረኪና ይላል፣ ቀጥሎ ይደፈርሳል። እናቴ ማጠጫዋን ይዛ ከጎኔ ቆማለች። አላጠጣችም። ሰላጣው ዓይኗ እያየ ይጠወልጋል። በየሩብ ሰዓቱ በእፍኜ ቀድቼ አሸታለሁ። ምንም የለም። “ምንም” ሲሸት ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አራት ሰዓት ሲል የጎብኚዎቹ መኪኖች አቧራ አስነስተው ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ያንኑ አቧራ አስነስተው ወጡ። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ አፍንጫ በአጥሩ ጥግ ባለው መንገድ ወረዱ፤ ለእናቴ እጅ ነስተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን አሳድሮ ያን ጠዋት መጋዘኑን እንዲከፍቱ አዟቸው ነበር። ማዘዣ ጠየቁት። የእኔን ደብዳቤ አሳያቸው። ይህ የልጅቷ ስም ነው፣ የእኔን ይጻፉልኝ አሉ። እየተሳደበ ጻፈላቸው።

“ከዚያስ?” አልኩ። ካልገፋኋቸው ወሬያቸውን አይጨርሱም።

“ከዚያማ ገለበጥኩትና እስክሪብቶ ያውሱኝ አልኩት።” አፍንጫቸውን አሹት። “ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንዱንም ደብዳቤ ጀርባ አይቼ አላውቅም።”

እሳቸው ቀስ ብለው ፊደል ሲለቅሙ በሩ ላይ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ። ጎብኚዎቹ ገንዳው ጋ የቆሙት ስድስት ደቂቃ ነው፤ ሁሉም በመሐረብ። ግልባጩን በኪሱ የያዘው አንዱ ብቻ አረፋው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

“ምን አሉት?”

“ሥራ ላይ ናቸው አልኩታ።”

ሥራ አስኪያጁ እሳቸውንም ማገድ ፈልጎ ነበር፤ ግን የአየር መንፊያውን ሞተር ማን ያስነሳለታል? ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው አሳዩኝ፤ ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ መልሰው ከተቱት። እግድሽን ጨርሺና ትወስጃለሽ አሉኝ። ከዚያ ቱቦው ላይ ጎንበስ ብለው በረዥሙ ማጉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ ሥራቸው ወጡ።

እናቴ ማጠጫዋን ውሃው ውስጥ ነከረች። የመጀመሪያውን መደብ አጠጥታ ስትመለስ ቦትዬን አየችው፤ ተከትያት ወርጄ መደቡ ላይ ነበር የቆምኩት።

“ሰባት ቀን ሥራ የለሽም ማለት ነው” አለች። “ካሮቱን አረም በልቶታል።”