የመስቀል ቸርኬ

መኪናዋ ከቡታጅራ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለችውን ጉብታ ስትዘል አቶ ኃይሌ «እግዚኦ!» ብለው ጥርሳቸውን ነከሱ። ጉብታ ማለትም ይከብዳል፤ አንዱ ሥራ ፈት አስፋልቱ ላይ ደፍቶት የሄደ ሲሚንቶ ነው። ከኋላ የተቀመጠችው ልጃቸው አደይ ተንጠራርታ ትከሻቸውን ያዘች።

«ቀስ በል አልኩህ እኮ!»

«በሃያ ነው የምነዳው አዱ! ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ ገፍተሽ ነው የምትወስጂን» አለ ታናሽ ወንድሟ ቴዲ መሪውን እንደያዘ።

«በሃያ እንዲህ ከሆነ በአርባ አባዬን በጆንያ ነው የምናስረክበው።»

ቴዲ መስታወቱን አስተካከለ። መስታወቱ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልጎደለውም።

መኪናዋ ነጭ ቪትዝ ናት። የተገዛችበት ምክንያት አንድ ነው፤ የአቶ ኃይሌ ጀርባ። አምና አከርካሪያቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ሐኪሙ «ምንም ነገር እንዳይንጥዎ» ብሎ አስጠነቀቃቸው። በሚኒባስ እየተናጡ አዲስ አበባ ለክትትል መመላለስ አልተቻለም፤ ልጆቹ ተዋጥተው ይህችን ገዙላቸው። ባለ አሥራ አራት ኢንች ቸርኬ ነበረች፤ ጎማዋ ወፈር ያለ፣ ቸርኬዋ ጥቁር ብረት፣ በላዩ ላይ የፕላስቲክ ክዳን። ማንም ዞር ብሎ አያያትም። አቶ ኃይሌ ግን ተቀምጠውባት እስከ አዲስ አበባ ይደርሱ ነበር፤ እንቅልፍም ይወስዳቸው ነበር።

እንግዲህ መስቀል ደረሰ። መስቀል ሲደርስ የአገሩ ልጅ ካለበት ሁሉ ነቅሎ ይገባል፤ ይህ ያባት ነው፣ ደግ ነው። ነገር ግን ከቡኢ ከተማ ወደ አቶ ኃይሌ የትውልድ መንደር በሚገነጠለው የጠጠር መንገድ ላይ የሚሆነውን ማየት ነው! ሰላምታው ሳያልቅ ዓይን ሁሉ ቁልቁል ወደ ጎማ ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ ቤቱን በሽሮ ያከረመው ሰውዬ በተከራያት መኪና ጥሩምባ እየነፋ ይገባል። ቂጥ ገልቦ ክንብንብ ማለት ይኸው ነው። ቴዲም ከዚህ ሰልፍ ላለመቅረት ባለፈው ሳምንት ቸርኬዎቹን አስወልቆ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳዩ ባለ አሥራ ሰባት አስገጠመ።

ይህን ለመረዳት መማር አያስፈልግም። ጎማው የሚገባበት ቦታ ያው ነው፤ ብረቱ በሰፋ ቁጥር ላስቲኩ ይሳሳል። የድሮው ጎማ ጉድጓድ ሲመጣ እሱ ይቀበለው ነበር። አሁን ብረቱ ላይ የተጠለቀችው ስስ ላስቲክ ናት፤ ጉድጓዱን የሚቀበለው የአቶ ኃይሌ አከርካሪ ነው።

አቶ ኃይሌ ደግሞ ዛሬ መድረስ አለባቸው። አምና ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ በአገሩ ወግ የቤቱ አባት የሚመርቀውን የመስቀል በሬያቸውን በገዛ ደጃቸው የመረቀው የአጎታቸው ልጅ በርጋ ነበር። በርጋ መርቆ ዝም ቢል ምን ነበረበት? «ኃይሌ ከእንግዲህ ሰው አይሆንም፤ ቤቱን እኔ ይዤዋለሁ» አለ። ወሬው ቡታጅራ ድረስ መጣ። ዛሬ ደመራው ሳይለኮስ በደጃቸው ካልቆሙ ምርቃቱ ዘንድሮም የበርጋ ነው፤ ሁለት ዓመት ሌላ ሰው የመረቀበትን ቤት ደግሞ በሦስተኛው ማን ይመልስልሃል? አቶ ኃይሌ ይህን እያሰቡ ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥተዋል።

«ደግሞ ጠዋት ጎማ ለጣፊው ደበሌ የጎማውን ንፋስ ቀንሶልኛል» አለ ቴዲ። «ሲቀነስ ይለሰልሳል ብሎኛል።»

«ደበሌ ነው ያለህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አለቀልን።»

አፏን ሳትዘጋ ጓ! አለ። ከከተማው መውጫ ላይ ያለው ጉድጓድ ነው፤ ጠርዙ እንደ ቢላ የተሳለ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ቆመች። የአቶ ኃይሌ ፊት አመድ መሰለ። አደይን ከሁሉም ያስደነገጣት ይህ ነው።

ወርዳ አየችው። ንፋሱ የጎደለው ስስ ጎማ በጉድጓዱ ጠርዝና በብረቱ መካከል ተጨፍልቆ ተሰንጥቋል። ያ መስታወት የመሰለው ቸርኬም ተጣሟል። ቴዲ ጎንበስ ብሎ የተጣመመውን ቸርኬ እንደ ታመመ ሕፃን ይዳስሰዋል።

«አባዬ እያለ ብረት ታጽናናለህ?» አለች። «በል ስኮርታውን አውጣ!»

ስኮርታው፣ ትርፍ ጎማው፣ የድሮው ነው፤ ጥቁሩ፣ ወፍራሙ። ቴዲ በክሪክ አንስቶ ገጠመው። መኪናዋ በሦስት እግሯ ሙሽራ፣ በአንዱ ሎሌ ሆነች። አቶ ኃይሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወርደው መንገዱ ዳር ወዲህ ወዲያ ሲሉ ፊታቸው ትንሽ ተመለሰ። መቆምና መራመድ አያማቸውም፤ የሚገድላቸው መናጡ ነው።

«ወደ ደበሌ መልሰኝ» አለች አደይ።

የደበሌ ቤት ድሮ ጎማ የሚለጠፍባት አንዲት ቆርቆሮ ነበረች። አሁን «ደበሌ የዘመናዊ ቸርኬ ማዕከል» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎባታል፤ ቆርቆሮዋ ያችው ናት። ባለቤቱ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እጁን ዘርግቶ ወጣ።

«ጋሽ ኃይሌ! እንኳን አደረሰዎ!»

«ገና አልደረስንም» አለች አደይ። «በአንተ ምክንያት የምንደርስም አይመስለኝም። ጎማ ሲቀነስ ይለሰልሳል ያልከው አንተ ነህ?»

«አደይዬ፣ ይለሰልሳል እኮ! ጉድጓድ ውስጥ ካልገባ።»

«ጉድጓድ የሌለበት መንገድ የት አይተሃል?»

«ውጭ አገር እንዲህ ያለው ቸርኬ...»

«ውጭ አገር መስቀል ልናከብር አይደለም የምንሄደው! ለታመመ ሰው የተገዛች መኪና ላይ ይህን ስትገጥም ማን እንደሚቀመጥባት አልጠየቅህም?»

ደበሌ መነጽሩን አወረደ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምገጥመው። ያዘዘ ይጠየቅ» አለና ወደ አቶ ኃይሌ ሰረቅ አድርጎ አየ። አቶ ኃይሌ የከዘራቸውን ጫፍ በጣም ይመለከቱ ነበር። ቴዲ ሰማይ ሰማይ ያያል። አደይ ሦስቱንም አየቻቸው፤ ወንድ የሚባል ፍጥረት ሁሉ በዚያች ሰዓት አስጠላት።

«የድሮዎቹ የት አሉ?»

«ለኡሚ ሰጠኋቸው። የእሷ ጎማ አልቆ ነበር» አለ ቴዲ።

ኡሚ ገበያው አጠገብ በርበሬ የምትነግድ ጎረቤታቸው ናት። እሷም ቪትዝ አለቻት፤ ሁልጊዜ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። አደይ ስትደርስ ኡሚ ከሱቋ ደጃፍ ተቀምጣ ዛላ ትመርጥ ነበር። አደይ የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። ኡሚ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ደነገጠች።

«ያ ረቢ! ጋሽ ኃይሌ አሁን ቆመው ነው ያሉት? እና አንቺ እዚህ ትለምኚኛለሽ? ነይ ውሰጂ!»

«የአንቺስ መኪና?»

«የእኔ መኪና ለመስቀል የት ትሄዳለች? ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ኢንሻአላህ ስትመለሱ ትመልሺልኛለሽ፤ የመስቀሉን ቆጮ ብትረሺ ግን አንተዋወቅም።»

«ቆጮው ከነአይቡ ይመጣል፣ እሜቴ!» አለች አደይ። በዚያ ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

«ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በቀኝ በኩል ክዳኖቹ ረግፈዋል። ኮብልስቶኑ በላቸው። ብረቱ ራቁቱን ነው፣ ዝገትም ጀማምሮታል።»

«ክዳን ምን ያደርግልኛል ኡሚዬ? እንደነዚያ ወንዶች አደረግሽኝ እንዴ?»

ደበሌ ከኡሚ መኪና ፈቶ ለእነሱ ገጠመ፤ ንፋሱንም በልኩ ሞላው። በዚህ ጊዜ ስለ ውጭ አገር አላወራም። አንጸባራቂዎቹ እዚያው ቆርቆሮው ሥር ተደርድረው ቀሩ። ቴዲ ዞር እያለ ያያቸው ነበር።

«ቁልፉን አምጣ» አለችው አደይ።

«እኔ እኮ...»

«አምጣ አልኩህ! አንተ ኋላ ተቀመጥና ሰማይህን እይ።»

ያ ጠርዘኛ ጉድጓድ ሲመጣ በቀስታ ገባችበት። ዱብ አለና አለፈ። አቶ ኃይሌ ለመጮህ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የሚጮሁበት ነገር ሲያጡ መልሰው ዘጉት። ቡኢ ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አደይ በመስታወቱ ቴዲን አየችው።

«ትሰማለህ? እያንኮራፋ ነው።»

«ሰማሁ።»

«ይኸውልህ። ለዚህ ነው መኪና የሚገዛው።»

«እሺ በቃ፣ አዱ። ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን።»

አደይ ግን ውሾን አልተወችም። እስከ ቡኢ ድረስ ስለ ጭንቅላቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ ስለ ደበሌ መነጽር አንድ በአንድ አወራችለት። ቴዲ አንዴም አልመለሰላትም። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ከየት አመጣ ብላ መጠየቅ ነበረባት፤ ሰው ሲሳደብ ግን ጥያቄ አይመጣለትም።

ከቡኢ አልፈው ወደ ጠጠሩ መንገድ ሲታጠፉ አቶ ኃይሌ ነቁ። ከፊትም ከኋላም የአዲስ አበባ መኪኖች አቧራውን እያጨሱ ይገባሉ። ግቢያቸው ወፍጮ ቤቱን አልፎ ካለው ዳገት ላይ ነው፤ ከዚህ ይታያል። የደመራው ችቦ ቆሟል፣ ሰዉ ተሰብስቧል።

«ቁሚ» አሉ።

«ምነው አባዬ? አመመህ?»

«ቁሚ አልኩሽ።»

ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አቆመች። አቶ ኃይሌ በሩን ከፍተው ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩ። ዝገቱን አዩ። መልሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«በዚህ ልታስገቢኝ ነው?»

«በምን ላስገባህ ታዲያ? በዚያኛው ሞተህ ነበር እኮ የምትገባው!»

«አምና እንደ ሬሳ ተጭኜ ወጣሁ። በርጋ በልጁ መኪና እየተንቀባረረ እኔ ክዳን በሌለው ልግባ?» በሩን መልሰው ዘጉት። «ቴዲን ስትሰድቢው ዋልሽ። ልጁ ምንም አላደረገ። ለውጥልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ እንዳትሰሚ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

አደይ ወደ ኋላ ዞረች። ቴዲ አሁንም ሰማይ ሰማይ ያያል። ቀኑን ሙሉ ስድቧን የተሸከመው አባቱን ላለማሳጣት ነበር፤ እሷ ደግሞ ሳትጠይቅ አዘነበችበት። አፈረች። ያፈረችው ግን ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ወዲያው ንዴቱ አቅጣጫውን ቀይሮ መጣ።

«አባዬ! ሽማግሌ አይደለህ? ጀርባህስ?»

«ጀርባዬን ማን ያየዋል?» አሉ አቶ ኃይሌ።

እሷ አባቷ እንዳያመው ስትማስን፣ እሱ ለሰው ዓይን ሲል አከርካሪውን በየጉድጓዱ ሲያስመታ ዋለ። በሃምሳ ዓመቱ ልጅ የሆነ ሰው ይመከራል፤ በሰባ ዓመቱ የሆነውን ግን እግዜርም አይመክረው።

«ከዚህ በእግሬ እገባለሁ» አሉ።

«እንዴት ተደርጎ! ሐኪሙ...»

«ሐኪሙ አትናጥ አለኝ እንጂ አትራመድ መቼ አለኝ? በእግሩ የገባን ሰው ጎማህ ምንድን ነው የሚለው የለም። ና ቴዲ፣ ደግፈኝ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ግን ልቀቀኝ።»

ወረዱ። አደይ መሪው ላይ ክንዷን ጥላ አየቻቸው። ረጅሙ አባቷ በከዘራ፣ ቴዲ በአንድ ጎን፤ የበርጋ ልጅ ትልቅ መኪና ሳይቀር ቀስ ብሎ መንገድ ለቀቀላቸው። ዳገቱ ላይ ቴዲ ክንዳቸውን ለቀቀ። ከላይ አንዲት ሴት «ኃይሌ! ኃይሌ በእግሩ!» ስትል ተሰማ፤ እልልታው ተከተለ። ከዚያ ሰዉ ቁልቁል ይሮጥ ጀመር። በርጋም መጣ፤ ምን ያድርግ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

አደይ አለቀሰች። «ሞኝ ሽማግሌ» አለች እያለቀሰች። «ሞኝ፣ ደረቅ፣ ታይታ የገደለህ!» ናቀቻቸውም፣ ኮራችባቸውም፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ።

ፊቷን ጠርጋ መኪናዋን ወፍጮ ቤቱ አጥር ሥር አቆመችና ወረደች። በረንዳው ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «እንኳን አደረሰሽ፣ የኃይሌ ልጅ!» አሏት። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብላ ዳገቱን ልትጀምር ስትል ዞር ብላ መኪናዋን አየች። ክዳን የሌለው ጎን ከነዝገቱ ወደ መንገዱ ዞሮ ቆሟል።

«ደግሞ ለዚህ!» አለች ለራሷ፣ ጥቂትም ሄደች። ከዚያ ቆመች። ሴቶቹ ወዴት እንደሚያዩ በዓይኗ ጫፍ ተመለከተች። ተመልሳ ገባች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ወደፊት ወደ ኋላ እያለች መኪናዋን አዞረችና የዛገውን ጎን አጥሩ ላይ ለጥፋ አቆመችው።